በኪሮሽ የሚሠራ የአበባ ዕልባት

በየቤታችን ካለው ዕቃ ሁሉ እንደ መጽሐፍ ከፍቅር ብዛት የሚጎዳ ጥቂት ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው እንግዳ ሲመጣበት፣ ያቆመበት ስፍራ እንዳይጠፋው የቅጠሉን ጫፍ ያጥፋል፤ አንዱ የክብሪት እንጨት፣ ሌላው የጧፍ ቁራጭ ያገባበታል። እኔም በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን ሰርዶ እየነቀልሁ አኖርበት ነበር፤ የሣሩም አረንጓዴ ቀለም እስከ ዛሬ ድረስ በአንድ መጽሐፌ ላይ ታትሞ ይታያል። ስለዚህ ልጄ የኪሮሽ ሥራ ተምራ የአበባ ዕልባት ሠርታ ባመጣችልኝ ጊዜ ደስታዬ እጅግ ታላቅ ነበር።

አበባዪቱ ሦስት ድርብ ቅጠል ያላት ደማቅ ቀይ ጽጌረዳ ነበረች። እኔም ከአባቴ በወረስሁት የብራና ዳዊት ውስጥ አኖርኋት። ይህን መጽሐፍ በአባቴ ሙት ዓመት ካልሆነ በቀር ከማኅደሩ አላወጣውም፤ ለዕለት ጸሎት የታተመው ይበቃኛልና። ክረምቱ አልፎ በመስከረም ብከፍተው፣ ብራናው እርጥበት ስቦ የአበባዪቱ ቀይ ቀለም በሁለት ገጽ ላይ ተጋብቶበታል። ይህም ሳያንስ፣ ከአበባዪቱ ውፍረት የተነሣ የእንጨቱ ገበታ አልገጥም ብሎ፣ የጥራዙ ክር በአንድ በኩል ተበጥሶ አገኘሁት።

ተቆጣሁ። ኪሮሹንም ከልጄ ነጥቄ በሣጥን ቆለፍሁበት፤ እርሷም ያን ዕለት ስታለቅስ አመሸች። በማግሥቱ ባለቤቴ፣ «የብራናን ጠባይ የሚያውቀው ማን ነው? እርሷ ናት ወይስ አንተ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ዕልባቱን የሠራችው ልጄ ብትሆንም በመጽሐፉ ውስጥ ያኖርሁት እኔ ነበርሁ። ኪሮሹን መልሼ ሰጠኋትና መጽሐፍ የማይጎዳ ዕልባት እንዴት እንደሚሠራ አብረን ማሰብ ጀመርን።

ቅጠሉ እየተደራረበ የሚሠራው ጽጌረዳ በአየርላንድ የኪሮሽ ሥራ የታወቀ ነው፤ የዚያም አገር ታሪክ ሊነገር ይገባዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1845 እስከ 1852 ዓ.ም. በአየርላንድ የድንች በሽታ ገብቶ ታላቅ ረኃብ ሆነ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከዚያም የሚበልጥ ከአገሩ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ መነኮሳይያት ለድኆች ሴቶችና ልጃገረዶች የኪሮሽ ሥራ ያስተምሩ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል በኮርክ አጠገብ በብላክሮክ የነበሩት የኡርሱሊን ገዳም መነኮሳይያት ይገኙበታል። አንዷ ጽጌረዳውን፣ ሌላዪቱ ቅጠሉን ለየብቻ ትሠራለች፤ በኋላም ሁሉ በመረብ ተያይዞ ለልብስ ጌጥ ይሸጣል። ያ አበባ እንጀራ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ለአንገት ልብስ የተፈጠረ ድርብ አበባ ተጨፍልቆ በመጽሐፍ ውስጥ እንዲቀመጥ አልታሰበም።

እንግዲህ እኛ የደረስንበት መላ፣ አበባው አንድ ረድፍ ብቻ ሆኖ ከመጽሐፉ ውጭ እንዲንጠለጠል፣ በውስጥ የሚውለው ግን ቀጭን ገመድ ብቻ እንዲሆን ነው። የሚያስፈልገው ቀጭን ነጭ የጥጥ የዳንቴል ክርና አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ኪሮሽ ነው።

መጀመሪያ ስድስት ሰንሰለት ሠርቶ ጫፍና ጫፉን በማገናኘት ቀለበት ማድረግ። ቀጥሎ ሁለት ሰንሰለት፣ በቀለበቱም ውስጥ ሦስት ዐምድ፣ እንደገና ሁለት ሰንሰለት ተሠርቶ ክሩ ከቀለበቱ ጋር ይያያዛል፤ ይህ አንድ የአበባ ቅጠል ነው። ዐምድ ያልሁት (እንደ መምህር ስም ማውጣት ስለምወድ ነው) እንዲህ ይሠራል፤ ክሩን አንድ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ጠምጥሞ፣ ኪሮሹን በቀለበቱ ውስጥ አስገብቶ ክር መሳብ። በዚህ ጊዜ በኪሮሹ ላይ ሦስት ዓይን ይገኛል። ክር ይዞ በሁለቱ ዓይን ማሳለፍ፤ አሁንም ክር ይዞ በቀሩት ሁለት ማሳለፍ ነው። አምስት ቅጠል ሲሞላ አበባው ያልቃል። ልጄ ስድስተኛ ልትጨምር ብላ ነበር፤ ቀለበቱ ስለ ጠበበ አበባው ተጨማደደባትና ፈታችው።

ክሩ ሳይቆረጥ ሰንሰለቱ ይቀጥላል። ርዝመቱ ከመጽሐፉ ቁመት ስምንት ሳንቲሜትር ያህል ይብለጥ፤ ከዚያ በመጣበት ተመልሶ እያንዳንዱን ሰንሰለት አንድ ጊዜ ማያያዝ ገመዱን ያጠነክረዋል። የክሩ ጫፎች በመርፌ ወደ ውስጥ ይሰፉ እንጂ ቋጠሮ አይደረግባቸው፤ ቋጠሮ በቅጠል ላይ ጉድጓድ ያበጃል።

ዳንቴል እንዲደርቅ በስኳር ውሃ መንከር በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ዕልባትን ግን እንዲህ አታድርጉት፤ ጉንዳንና በረሮ ወደ መጽሐፉ ይጠራልና። በንጹሕ ውሃ አርጥቦ፣ በጨርቅ ሸፍኖ በካውያ መተኮስ ይበቃል። ባለ ቀለም ክር የወደደች እመቤት ክሩን አርጥባ በነጭ ጨርቅ ላይ ትጫነው፤ ጨርቁን ካቀለመው ለመጽሐፍ አይሆንም። ብራና ላይ ግን የእኛ ምክር ነጭ ብቻ ነው፤ እርሱም ንባቡ ሲያበቃ ይወጣል እንጂ በማኅደር ውስጥ አይከርምም።

የቀድሞ ጸሐፍትም ይህን ያውቁ ኖሮ፣ አዲስ ክፍል የሚጀምርበትን ወይም ሥዕል ያለበትን ቅጠል ለማመልከት በብራናው ጠርዝ ላይ ቀጭን ባለ ቀለም ክር ሰፍተው ይተዉ ነበር። በአባቴ ዳዊት ላይም አሉ፤ ጣት ሲያልፍባቸው ይታወቃሉ፤ ገበታውንም ከመግጠም አይከለክሉም። ልጄ እነዚህን ባሳየኋት ጊዜ አንድ በአንድ ቈጠረቻቸው።

የተበጠሰውን ጥራዝ አንድ ደጓሽ በአዲስ ክር ሰፋልን። ቀዩ ምልክት አልለቀቀም። ነጩ ዕልባት አሁን በታተመው ዳዊቴ ውስጥ ነው፤ አበባው ከመጽሐፉ ራስ ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ልጄም ለአያቷ ሁለተኛውን ጀምራ ሦስተኛው ቅጠል ላይ ደርሳለች።