መድኃኒት የተላመዱ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎችና የአንቲባዮቲክ ምርጫ፦ ከኪራሙ እስከ ነቀምቴ

በአገራችን ለከባድ ኢንፌክሽን በቅድሚያ የሚታዘዘው አንቲባዮቲክ በአብዛኛው ሴፍትሪያክሶን ነው። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መስጠትም ይበቃል። ይሁንና ኢ. ኮላይና ክሌብሲዬላ ኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. የተባሉትን ኢንዛይሞች ሲያመነጩ መድኃኒቱን ያፈርሱታል። የካልቸር ምርመራ በቅርብ በማይገኝባቸው እንደ ኪራሙ ባሉ ወረዳዎች ይህ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ታካሚው ሳይሻለው ሲቀር ነው።

ከመድኃኒቱ ጥንካሬ በፊት መጠየቅ ያለበት ኢንፌክሽኑ የት እንዳለ ነው። በሽንት ፊኛ ብቻ ለተወሰነ የኢ. ኮላይ ኢንፌክሽን ናይትሮፉራንቶይን ብዙ ጊዜ በቂ ነው፤ በሽንት ውስጥ ይከማቻልና። ወደ ኩላሊት ወይም ወደ ደም ለዘለቀ ኢንፌክሽን ግን አይሠራም። ጄንታማይሲንን የሚያከሽፉ ዘረ-መሎች ከኢ.ኤስ.ቢ.ኤል. ጋር አብረው ስለሚተላለፉ አሚካሲን የተሻለ ዕድል አለው፤ የኩላሊት ክትትል ግን ይሻል።

ታካሚው በደም ኢንፌክሽን ከተዳከመ ምርጫው ሜሮፔነም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የሜሪኖ ጥናት ሴፍትሪያክሶንን የተላመዱ ባክቴሪያዎች በደማቸው የተገኙባቸውን ሕሙማን ተከታትሏል። በ30 ቀናት ውስጥ ሜሮፔነም ከተሰጣቸው 3.7 በመቶ፣ ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም ከተሰጣቸው 12.3 በመቶ ሞተዋል። ባክቴሪያዎቹ በምዝገባ ጊዜ ለሁለቱም መድኃኒቶች ተጋላጭ ተብለው ነበር፤ በኋላ ዳግም ሲፈተሹ ግን ከፊሎቹ ሁለተኛውን የተላመዱ ሆነው ተገኝተዋል፣ ልዩነቱም ጠቧል። በእኔ እምነት የዚህ ጥናት ዋነኛ ትምህርት የላቦራቶሪው ዘዴ የታካሚውን ዕጣ እንደሚወስን ነው።

ሜሮፔነምም ቢሆን ዋስትና የለውም። ኤን.ዲ.ኤም.-1 የተባለውን ኢንዛይም የያዘ አሲኔቶባክተር እ.ኤ.አ. በ2017 ከጅማ ሪፖርት ተደርጓል። ይህን ኢንዛይም አቪባክታም አይገታውም። የሚቀረው ኮሊስቲን ኩላሊትን ይጎዳል፤ ተጋላጭነቱንም በተለመደው የዲስክ ምርመራ መለካት አይቻልም።

ስለዚህ ናሙናው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት መወሰድ አለበት። ሽንት በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ካልደረሰ እስከ 24 ሰዓት በማቀዝቀዣ ይቆያል። የደም ካልቸር ጠርሙስ ግን ከቶ አይቀዘቅዝም፤ ሁለቱን በአንድ የበረዶ ሳጥን አሽጎ ወደ ነቀምቴ መላክ አንደኛውን ናሙና ያበላሻል።