ወፎቹ የተዘቀዘቁበት ቀሚስ

ባለፈው ታኅሣሥ ዲላ የወረድኩት ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሽር ጉዱን ላግዝ ነበር። የቡናው ለቀማ ወደ ማለቁ ነው፤ የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮም ጥር ላይ ስለሚውል በዚያ ሰሞን እጁ ያልተያዘ ልብስ ሰፊ ማግኘት ዘበት ነው። እህቴ ግን አልሰጋችም። ናይሮቢ የሚሠራው የመጀመሪያ ልጇ ኬንያውያን «ኪቴንጌ» የሚሉትን ባለ ትልልቅ ሥዕል የአፍሪካ ጨርቅ በሞያሌ በኩል ልኮላት፣ ቀሚሷን አሰፍታ ጨርሳለች። ገና ሻይ ሳልቀምስ ለብሳው ብቅ አለች።

ምን ልበላችሁ! ጨርቁ ዓይን ይስባል። ደማቅ ሰማያዊ ላይ የሰሃን አፍ የሚያህሉ ቢጫ ክቦች፣ በየክቡ ውስጥ አንዳንድ ወፍ። ችግሩ ክቦቹ ያረፉበት ቦታ ነው። ሁለቱ ልክ ጡቶቿ ላይ ተቀምጠዋል፣ ያውም አንዱ ከአንዱ ዝቅ ብሎ። ዞር ስትል ደግሞ የጀርባዎቹ ወፎች በሙሉ ተዘቅዝቀዋል። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ፤ እሷ ግን መስታወቱ ፊት ቆማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጁ ከደመወዙ ቆጥቦ የላከው ነው። ሠርጉ ደግሞ 3 ሳምንት ቀርቶታል።

በሰፊው ብዙም አልፈርድም። ሸማ ላይ ጥበቡ ከሸማኔው እጅ የሚወጣው ቦታውን ይዞ ነው። በዚህኛው ጨርቅ ግን ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር ስለተዘራ የት እንደሚያርፍ የሚወስነው መቀስ የያዘው ሰው ነው። ሰውየው እንደ ማንኛውም ጨርቅ ርዝመቱን ለሁለት አጥፎ የፊቱንና የጀርባውን በአንድ ጊዜ ቆረጠ። እንደዚያ ሲታጠፍ የላይኛው ንጣፍ ሥዕል ቀጥ ብሎ ቢቆም የታችኛው መዘቅዘቁ አይቀርም። አበባ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም ነበር፤ ወፍ ግን እግርና ራስ አለው።

በማግስቱ ገበያው አካባቢ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ይዛ ወደምትሰፋ አንዲት ወጣት ሄድን። ቀሚሱን ገለባብጣ አየችና «እትዬ፣ የተረፈ ጨርቅ አለ?» አለች። ጨርቁ የተላከው እንደ ልማዱ 6 ያርድ፣ ማለትም 5.5 ሜትር ገደማ ነበር። ለቀሚሱ 3.5፣ ለባሏ ሸሚዝ 2 ሜትር ተብሎ ሂሳቡ ልክ መጥቷል፤ ሥዕል ለማገጣጠም የሚባክነውን ግን ማንም አላሰበም። ባለ ትልልቅ ሥዕል ጨርቅ ስትገዙ ሰፊው ከጠየቃችሁ ላይ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጨምሩ ያለችን ያን ጊዜ ነው።

የሸሚዙ 2 ሜትር ገና አልተነካም ነበር። ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ሳታጥፍ በአንድ ንጣፍ ዘረጋችው። የጡቱን ልክ በጠመኔ ምልክት አድርጋ፣ ከወረቀት የቆረጠችውን ቅድ ከክብ ክብ እያዟዟረች ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀች። መቀሱን ለማንሳት የቸኮልነው እኛ ነን። በመጨረሻ አንዱ ክብ ከአንገት በታች መሐል ለመሐል አረፈ፤ የጀርባውም ወፍ ራሱን ቀና አደረገ። የታችኛው ሽንሽን ጉርድ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ስለነበር ደግሞ ሌላ ጨርቅ አላስፈለገም፤ የጀርባውን ወገን ከወገቡ ፈትታ ገልብጣ መለሰችው።

የጨርቁ ነገር ከተነሳ ላይቀር፣ ታሪኩም እንደ ወፎቹ ተገለባብጧል። ሥዕሉን በሰም እየጋረዱ መንከር የኢንዶኔዥያ ደሴት የጃቫ ሰዎች ሙያ ነው። ሆላንዶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያንን በማሽን አስመስለው ማተም ጀመሩ፤ ዋነኛው አምራች ቭሊስኮ በሄልሞንድ ከተማ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ጨርቁ ደንበኛ ያገኘው ግን ምዕራብ አፍሪካ ነው። በቶጎዋ ሎሜ ከተማ በጅምላ የሚነግዱት ሴቶች መርሴዲስ ቤንዝ እስከ መንዳት በመድረሳቸው «ናና ቤንዝ» ተባሉ።

እውነተኛው ባለ ሰም ጨርቅ ከሁለቱም በኩል እኩል ይደምቃል፤ በአንድ ፊት ብቻ የታተመው ርካሹ ጀርባው ይደበዝዛል። ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ሰፊዋ ክር መዝዛ በክብሪት ለኮሰች፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠጥራል። ከመቆረጡ በፊትም በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ በግልባጩ ቢተኮስ ጥሩ ነው፤ ካልታጠበ ከተሰፋ በኋላ ሊሰበሰብ ይችላል።

የባሏስ ሸሚዝ? ከ2 ሜትሩ የተረፈው ለኮሌታ፣ ለእጅጌ ጫፍና ለደረት ኪስ ብቻ ነበር የሚበቃው። ሌላው ነጭ ጥጥ ሆነ። ሠርጉ ላይ ኪሱ ላይ አንዲት ወፍ አስቀምጦ ሲንጎራደድ ያዩት ሁለት ጎረቤቶቹ የሰፊዋን ቤት ጠየቁት። እህቴ ቀሚሷን አሳምራ የዋለችበትን ፎቶ በዚያው ምሽት ናይሮቢ ላከች፤ ከፊት አንድ፣ ከጀርባም አንድ።