ባለሞላ ወይስ ደረቅ? የብስክሌት ሹካ ለአሰላ መንገድ

ከመካከላችን ብስክሌት ለመግዛት የሚያጠራቅሙ አሉ። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ የፊት ሹካው ሞላ ያለው ይሁን ወይስ የሌለው? የምናውቀውን እናካፍላችሁ።

ሹካ የምንለው የፊት ጎማውን ከግራና ከቀኝ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ክፍል ነው። ባለሞላው ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ሰምጦ ይመለሳል፤ እጃችን ላይ የሚደርሰውን ምት ይቀንሳል። ደረቁ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ለአስፋልትም ለፒስታም እንዲሆን የሚሠራው ሃይብሪድ ብስክሌት በሁለቱም ዓይነት ይገኛል።

መጀመሪያ የሚነሳው ክብደት ነው። ባለሞላው ከደረቁ 1.5 ኪሎ ቢበልጥና ነጂው ከነብስክሌቱ 75 ኪሎ ቢሆን፣ ጭማሪው ከመቶ 2 ብቻ ነው። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ከአዳማ በዴራና በኢተያ ለሚወጣ ሰው ይህም ይሰማል። የባሰው ግን ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስተን ፔዳል ስንረግጥ ነው፤ ሞላው ከፍ ዝቅ እያለ ከጉልበታችን ይቀንሳል። መቆለፊያ ያለው ሹካ ከሆነ ግን ቆልፎ መውጣት ይቻላል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጎማው መሬት ካልነካ ፍሬንም መሪም አይሠራም። ጥሩ ሞላ ጎማውን መሬት ላይ ያቆየዋል። እንቅስቃሴውን የሚያረጋጋ ዘይት የሌለው ርካሽ ሞላ ግን የተቀበለውን መልሶ ያነጥራል። በዚያ ላይ የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ወደ ውስጥ ከገባ ይደርቃል፤ ያኔ ከባድ ደረቅ ሹካ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ የኮብልስቶኑን ንዝረት በምን እንቀንሰው? በጎማ። በፈረንሳይ በድንጋይ ንጣፍ ላይ የሚካሄደውን የፓሪስ-ሩቤ ውድድር ዥልቤር ዱክሎ-ላሳል በ1992 እና በ1993 (እ.ኤ.አ.) በባለሞላ ሹካ አሸንፎ ነበር። ዛሬ ግን በዚያው ድንጋይ ላይ ተወዳዳሪዎቹ በአብዛኛው የሚጋልቡት በደረቅ ሹካ ነው፤ ሰፋ ያለ ጎማ አድርገው ነፋሱን ይቀንሳሉ። እኛም 28 ሚሊ ሜትር ጎማን በ40 ብንተካና ጎማው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ሳንወርድ ነፋሱን ብናለዝብ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። መጀመሪያ ግን ሰፊው ጎማ በሹካው መሐል ማለፉን እንለካ።

ስለዚህ ከግቢ ወደ ከተማና ወደ መስጂድ ለሚመላለስ፣ ገንዘቡም ውስን ለሆነ ተማሪ ምክራችን ደረቅ ሹካ፣ ሰፊ ጎማና ጥሩ ፍሬን ነው። ድንጋያማ የገጠር መንገድ የሚያዘወትር፣ ለጥገናም አቅም ያለው፣ ዘይትና መቆለፊያ ያለውን ባለሞላ ይምረጥ።

ያገለገለ ስትገዙ የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች ተጫኑት። ባለሞላው ሳይንኳኳ ሰምጦ በእርጋታ ካልተመለሰ፣ ወይም እግሮቹ ዝገት ካላቸው ተዉት። ደረቁንም ከጎን ሆናችሁ እዩት፤ ወደ ኋላ የታጠፈ ወይም ብየዳው የተሰነጠቀ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት። አላህ ከመንገድ አደጋ ይጠብቀን።