ስለ ሰፊው ፊልም፦ የሚባለውና እውነቱ

ማሽላው ባሸተ ጊዜ ከቆቦ ወጣ ብሎ በስተ ምሥራቅ የዞብልን ተራራ የሚመለከት ሰው፣ የእርሻው ኅብር እየደበዘዘ ሄዶ በሐሩሩ ጭጋግ ውስጥ ከሰማዩ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ፣ አንዱ የሚያበቃበትን ሌላው የሚጀምርበትን ወሰን አያገኝም። ይህን ረቂቅ መሸጋገር በፎቶግራፍ ለማኖር የሚሻ ሁሉ፣ ሚዲየም ፎርማት የሚባለው ሰፊ ፊልም ሲሞገስ መስማቱ አይቀርም፤ ሙገሳው የሚገባው ሲሆን ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ይነገራል።

የሰፊው ፊልም ቅብ ከትንሹ ይልቅ የደቀቀ ቅንጣት አለው ይባላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። እንደ ትራይ-ኤክስ 400 ያለው ፊልም በትንሹ የ35 ሚሊሜትርም ሆነ 120 በሚባለው የሰፊው ፊልም ጥቅል ሲቀርብ፣ ብርሃን የሚቀበሉት የብር ጨው ቅንጣቶች በመሠረቱ አንድ ዓይነት ናቸው። የትንሹ ፊልም አንድ ምስል 24 በ36 ሚሊሜትር፣ ባለ እኩል ጎኑ የ120 ምስል ደግሞ 56 በ56 ገደማ ስለ ሆነ፣ የኋለኛው ስፋት የፊተኛው ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። እንግዲህ ወርዱ 56 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ ለማተም ሰፊው ነጋቲቭ 10 ጊዜ ሲጎላ ትንሹ ከ15 ጊዜ በላይ ይጎላል፤ ከምስሉም ጋር ቅንጣቱ፣ አቧራውና ጭረቱ አብረው ይጎላሉ። በሰፊው ላይ አንዱን የማሽላ ራስ ብዙ ቅንጣቶች ስለሚመዘግቡት፣ ከጽልመት ወደ ብርሃን የሚያልፈው ኅብር ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። በጉርድ ፎቶ መጠን ከታተመ ግን ይህን ሁሉ ልዩነት ዐይን እምብዛም አይለየውም።

ብልጫው ከሌንሱ ነው የሚሉም አሉ፤ ዳሩ ግን የትንሹ ካሜራ ጥሩ ሌንስ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ የሚቀርጸው ዝርዝር ከሰፊው ካሜራ ሌንስ የሚያንስ አይደለም።

በመልክ ፎቶግራፍ ከሚነሣው ሰው ኋላ ያለው ሁሉ ለስልሶ መታየቱንም የፊልሙ ምሥጢር ያደርጉታል። ትንሹ ካሜራ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያየውን ያህል ለማየት ሰፊው 80 ሚሊሜትር ገደማ ያስፈልገዋልና፣ በአንድ የዲያፍራም (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ቁጥር ሲነሣ ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት ያንሳል። ይህ ለመልክ ፎቶግራፍ በረከት ሲሆን ለቆቦ ሜዳ ዕዳ ነው፤ ከእግር ሥር ካለው አገዳ እስከ ተራራው ሁሉ ይጥራ ያለ ሰው ዲያፍራሙን ሁለት ደረጃ ያህል አጥብቦ፣ መዝጊያውን አዘግይቶ፣ ካሜራውንም በሦስት እግር ላይ አቁሞ፣ ነፋሱ አገዳውን ማወዛወዝ እስኪተው መታገሥ አለበት።

ያለ ሰፊ ፊልም ታላቅ ፎቶግራፍ አይገኝም ለሚል ሰው ደግሞ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ ከገደሉ አናት ባለችው በኮረም፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ የረሀብተኞቹን መጠለያ ያነሣው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ነበር፤ ቅንጣቱ በጉልህ ይታያል፣ የሰዎቹ ገጽ ግን ከዓለም ኅሊና አልጠፋም። ይኸው ሰው በ2004 የምድርን መልክና ፍጥረታቷን የሚያሳየውን ጄኔሲስ የተባለ ሥራውን ሲጀምር፣ ፔንታክስ 645 የተባለውን የሰፊ ፊልም ካሜራ ይዞ ተነሣ።