«ግሉኮስ ይሰቀልላቸው!»፦ ስለ ወላጅ የመጨረሻ ቀናት ተረትና እውነታ

አባት እህል ከተዉ ሰነበቱ። ልጆች ከአዋሽም ከሰመራም ተጠራርተው አልጋውን ከበዋል፤ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ተርበው እስኪሞቱ ነው የምናየው? ግሉኮስ ይሰቀልላቸው እንጂ!»

ለሞት የተቃረበ ሰውነት ምግብ መፈለጉን ራሱ ይተዋል። አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ግሉኮስ የሚይዘው ስኳር 50 ግራም ነው፤ 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። ልብና ኩላሊት በደከሙበት ሰው ፈሳሹ እግር ያሳብጣል፣ ሳንባ ውስጥ ተጠራቅሞም ትንፋሽ ያሳጥራል። በግድ የተጋቱት ወተትም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በአፋር ሙቀት የሚያሳርፋቸው ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ቶሎ ቶሎ ማራስ ነው። ይህ የሚባለው ግን መዳን ለማይቻልበት ሕመም ብቻ ነው። በወባ ወይም በተቅማጥ የወደቁ ሽማግሌን ፈሳሽ ሊያድናቸው ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪሙን «ይድናሉ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

«ሞርፊን ይገድላል» የሚባለውም ልክ አይደለም። በትንሹ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ መጠን የሚጨመር ሞርፊን ስቃይንና የትንፋሽ ጭንቀትን ያስታግሳል፤ ሞትን አያፋጥንም። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል።

«አዲስ አበባ ካልወሰድናቸው ሰው ምን ይለናል?» ከሰመራ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። የዱብቲ ሆስፒታል ደግሞ ቅርብ ነው። እዚያ የሌለ፣ ለእሳቸው የሚጠቅም ምን ሕክምና አዲስ አበባ እንዳለ ሐኪሙን ጠይቁ። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ መንገዱ የሚጠቅመው ለሐሜት ፈሪው ልጅ ብቻ ነው።

«ሕክምና ማቆም ሐራም ነው» ለሚሉም፦ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1986 እ.ኤ.አ. አማን ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ የበሽተኛው አንጎል ጨርሶ ሥራ ካቆመና ሐኪሞች እንደማይመለስ ካረጋገጡ የሕይወት ማቆያ መሣሪያውን መንቀል ይፈቀዳል ብሏል። ሆን ብሎ መግደል ግን ሌላ ነው፤ ሸሪዓም የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ይከለክሉታል።

የሚገርመኝ የመጨረሻው ተረት ነው። የሰማውን ሳይደብቅ በዳጉ፣ በአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ባህል፣ የሚለዋወጥ ሕዝብ መሃል፣ ስለ ሕመሙ የማይነገረው በሽተኛው ብቻ ነው፤ «ከሰሙ ይሞታሉ» ይባላል። አብዛኛው ሽማግሌ ግን ሳይነገረውም ይገባዋል። ሲነገረው ዕዳውን ይናገራል፣ ይናዘዛል፣ የት መቀበር እንደሚፈልግም ይገልጻል። የአባት አእምሮ ደህና እስከሆነ ውሳኔው የእሳቸው እንጂ የታላቅ ልጅ አይደለም። ስለዚህ አንደበታቸው ሳይዘጋ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ያሉትንም ወንድም እህት ሁሉ በተሰበሰበበት ይስማው።