ሎሚ ውኃን አያጠራም፤ ለአጥቢያ በዓላት የሚሆን የፍራፍሬ መጠጥ አዘገጃጀት

ሶፊ የሚለውን ስም አብዛኛው የሀገራችን ሰው የሚያውቀው በጠርሙስ ላይ ነው። የሐረር ቢራ ፋብሪካ የሚያመርተው አልኮል አልባ የብቅል መጠጥ በዚህ ስም ይጠራልና። ለሐረር ሰው ግን ሶፊ ሀገር ነው፤ ከሐረሪ ክልል 3 የገጠር ወረዳዎች አንዱ ሲሆን፣ የቀሩት ሁለቱ ኤረርና ድሬ ጥያራ ናቸው። ማንጎው፣ ብርቱካኑ፣ ሎሚው፣ ዘይቱኑና ፓፓያው ከእነዚህ ማሳዎች ተለቅሞ በማለዳ በአህያና በእናቶች ጀርባ ወደ ጀጎል ይመጣል። በሸዋ በርና በኤረር በር አጠገብ በጆንያ ላይ ተዘርግቶ፣ ወደ ውስጥም ዘልቆ በጊድር መጋላ ይሸጣል። ፍሬው በሚበረክትበት ወቅት ግን ዋጋው ይወድቃል። ሲመሽ ያልተሸጠው ማንጎ ተመልሶ የማይጫን ስለሆነ እዚያው ይቀራል፤ በማግሥቱም የፍየል መኖ ይሆናል።

በዚያው ሳምንት አንድ የከተማ አጥቢያ ለንግሥ በዓል እንግዶች የለስላሳ መጠጥ በሣጥን ሲገዛ እናያለን። የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ሒሳቡን ሲያቀርብ ከድንኳንና ከወንበር ኪራይ ቀጥሎ የሚከብደው ወጪ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ገበሬው ፍሬውን ይጥላል፤ አጥቢያው ስኳርና ውኃ በውድ ይገዛል። በዚህ መካከል ያለው ክፍተት ለመሙላት የሚያስፈልገው ማሽን ሳይሆን ቢላዋ፣ ወንፊት፣ ክዳን ያለው ባልዲና ጥቂት ጥንቃቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በጥንቃቄው ላይ ነው፤ ሎሚ መጭመቅን ለእናቶቻችን ማስተማር አያስፈልግምና።

ነገሩ የሚጀምረው ከውኃው ነው። ከ20 ሊትር የሎሚ መጠጥ ውስጥ ከ15 ሊትር በላይ የሚሆነው ውኃ ነው። ሐረር ደግሞ የውኃን ችግር የምታውቅ ከተማ ናት። ለረጅም ዘመን ስትቀዳው የኖረችው የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅባት ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኝ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ እስኪሳብላት ድረስ ብዙ ተቸግራለች። ዛሬም ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውኃ በበርሜልና በጀሪካን ይጠራቀማል። በተጠራቀመበት ዕቃ ደግሞ እጅ ይገባል፣ ኩባያ ይነከራል፣ አቧራ ይወርዳል። ምንጩ ንጹሕ የነበረ ውኃ ለበዓል ሲደርስ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ በሚሰበሰብበት ጊዜ ይህ ቸል ቢባል ምን እንደሚከተል በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ የጠበል ቦታ በተከሠተው የኮሌራ ወረርሽኝ አይተናል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘውን ሕዝብ በመንገድ ላይ የሚያስተናግዱ አጥቢያዎችም ይህን ዘወትር ሊያስቡት ይገባል።

«ሎሚ ገብቶበት የለም ወይ፣ ሎሚው ይገድለዋል» የሚል አሳብ በየቦታው እንሰማለን። ያልተበረዘ የሎሚ ጭማቂ በኮምጣጣነቱ አንዳንድ ተሕዋስያንን ያዳክማል። በባልዲ ውኃ ውስጥ ሲበረዝ ግን ልንታመንበት የሚገባ ኃይል አይኖረውም። ሎሚ ጣዕም ነው፤ ውኃን አያጠራም።

ውኃን ለማከም ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ማፍላት ነው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በዚያ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው። ይህ አያሳስብም፤ ከልቡ እየተንፈቀፈቀ 1 ደቂቃ ከቆየ ይበቃል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኙ ደጋማ አጥቢያዎች ግን 3 ደቂቃ ይቆይ። ለሦስት መቶ ሰው የሚሆን ውኃ ማፍላት ግን ማገዶ ይፈጃል፤ ማገዶውም የሚመጣው ከየት እንደሆነ ለልማት ኮሚቴዎች መንገር አያሻም። ስለዚህ ለብዙ ሕዝብ ሁለተኛው መንገድ፣ ማለት ውኃ አጋርን በመሰለ የክሎሪን ማከሚያ መጠቀም ይመረጣል። መጠኑ በጠርሙሱ ላይ እንደ ተጻፈው ይሁን፤ ውኃው የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጥለል፤ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ተከድኖ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

በዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር ይገባኛል። መጀመሪያ ጊዜ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መጠጥ ባዘጋጀን ዕለት ሰዓት ስላጠረን ውኃውን፣ የሎሚውን ጭማቂና የውኃ ማከሚያውን በአንድነት ጨምረን አማሰልነው። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አጠገባችን ነበሩና «ዲያቆን፣ መድኃኒቱን እኮ ሎሚው በላው» አሉኝ። እንደ ቀልድ ወስጄው ነበር። በኋላ ሲያስረዱኝ ግን ነገሩ እውነት ሆኖ አገኘሁት። በሎሚና በብርቱካን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ክሎሪንን ያከሽፈዋል፤ የፍሬው ሥጋም እንዲሁ ይሻማዋል። ክሎሪኑ ተሕዋስያኑን ሳያገኝ በጭማቂው ላይ ያልቃል ማለት ነው። ያን ዕለት ማንም አልታመመም፤ ይህ ግን ከእኛ ጥንቃቄ የመጣ አልነበረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፤ ውኃው በመጀመሪያ ይታከም፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ጭማቂው ከዚያ በኋላ ይግባ። በዚህ ሥርዓት ሲሠራ ምእመናን የሚያማርሩበት የክሎሪን ሽታም ጭማቂው ሲገባ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ሽታው ሲጠፋ ጥበቃውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ በመጠጡ ውስጥ የሚገባውን ቆሻሻ የሚከላከል ነገር የለምና ባልዲው ይከደን፣ መጠጡም በዕለቱ ይለቅ።

ስለ ዕቃውም ጥቂት እንበል። ኮምጣጣ ነገር ብረትን ይበላል። በዚንክ በተለበጠ ቆርቆሮ በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ የቆየ የሎሚ መጠጥ ዚንኩን አሟሙቶ ጠጪውን የሚያስታውክ ይሆናል፤ ይህም በልዩ ልዩ ሀገሮች በተደጋጋሚ የደረሰ ነው። የመዳብና ባዶ የአሉሚኒየም ዕቃም ለማቆያ አይመረጥም። ለምግብ የተሠራ ፕላስቲክ፣ የማይዝግ ብረት ወይም ብርጭቆ ደኅና ነው። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ሽታው አይለቅም። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ግን ሺህ ጊዜ ቢታጠብም ወደ ድንኳኑ ሊቀርብ አይገባውም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ለ20 ሊትር፣ ማለትም ለ80 ሰው በሩብ ሊትር ብርጭቆ፣ ከ70 እስከ 80 የሚሆን የሀገር ሎሚ፣ 10 ያህል የበሰለ ማንጎ፣ 1 ኪሎ ተኩል ስኳር፣ እፍኝ ናናና እንደ አውራ ጣት የሚሆን ዝንጅብል ይበቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን 80 ሎሚ ከጨመቀ የሚጨርሰው በምሬት ነው፤ ስድስት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን እየተጫወቱ ይፈጽሙታል። ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ፍሬው ሳይቆረጥ በፊት በታከመ ውኃ ይታጠብ፤ ቢላዋ በልጣጩ ላይ ያለውን አፈር ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና።

ሎሚው ከመቆረጡ በፊት በመዳፍ ሥር ጠረጴዛ ላይ ቢንከባለል ጭማቂውን በቀላሉ ይሰጣል። አረንጓዴው የላይኛው ልጣጭ የመዓዛ ዘይት አለው፤ ነጩ የውስጥ ልጣጭ ግን መራራ ነው። ስለዚህ ሎሚን ከነልጣጩ በመፍጫ መፍጨት ወይም ልጣጩ እስኪተረተር መጭመቅ መጠጡን ያመርረዋል። መዓዛውን ለማግኘት ከአሥር ሎሚዎች አረንጓዴውን ብቻ በስሱ ልጦ ከስኳሩ ጋር በእጅ ማሸትና ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ስኳሩ ይወዛል፣ ሽታውም ግቢውን ይሞላል። ከዚያም 2 ሊትር ውኃ ተፍልቶ በስኳሩ ላይ ይፈሳል። የተወቀጠው ዝንጅብልና ናናው ይጨመርበታል፤ ተከድኖ ይቀዘቅዛል፤ በተቀቀለ ንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። የሎሚው ጭማቂ ግን እሳት አይንካው፤ ሙቀት መዓዛውንም ቫይታሚን ሲውንም ይቀንሳል። ማንጎው ተልጦና ተፈጭቶ፣ ጭረቱ በወንፊት ተለይቶ ከሎሚው ጭማቂ ጋር ይደባለቃል፤ የቀዘቀዘው የስኳር ውኃ ይጨመርበታል፤ በመጨረሻ በታከመው ውኃ 20 ሊትር እስኪሞላ ይበረዛል። ቁንጥር ጨው ቢገባበት ጣዕሙ ይጎላል። ስኳሩ እንደ ማንጎው ጣፋጭነት ሊቀነስ ይችላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ቀምሶ መወሰን ይሻላል። የስኳር ሕመም ላለባቸው አባቶችና እናቶች ደግሞ ስኳሩ ሳይገባ ሎሚና ናና ብቻ ያለበት አንድ ማሰሮ ለብቻው ማስቀረት ተገቢ ነው።

ማንጎ በማይገኝበት ጊዜ ዘይቱን ይተካዋል፤ እንዲያውም በእኔ ምርጫ ይበልጠዋል። ዘይቱን ፍሬው ስለሚበዛ በሚገባ ማጥለል ያደክማል። ነገር ግን በ100 ግራም ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ይገኝበታል፤ ብርቱካን 50 ያህል፣ ሎሚ ደግሞ 30 ያህል ብቻ አለው። የዚህ ንጥረ ነገር ጥቅም የታወቀው በባሕረኞች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ መርከብ ሐኪም ድዳቸው የሚደማና ጉልበታቸው የከዳ 12 መርከበኞችን በስድስት ጥንድ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጥንድ ልዩ ልዩ ነገር ሰጠ። ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ነበሩ። ፓፓያ በበኩሉ ለብቻው ፈዛዛ ነው፤ ሎሚ ግን ያነቃዋል።

ለማቀዝቀዝ በረዶ ገዝቶ መጨመር ቀላል ይመስላል። ይሁንና መቀዝቀዝ ተሕዋስያንን አይገድልም፤ በረዶው የተሠራበት ውኃ ካልታወቀ ድካማችን ሁሉ በአንድ ቁራጭ በረዶ ይፈርሳል። ባልዲውን ወይም ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ማቆም ይሻላል። እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዝበት ምሥጢርም ይኸው ነው፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በረዶ የግድ ካስፈለገ የታከመ ውኃ በላስቲክ ሞልቶ በማቀዝቀዣ ማርጋትና ላስቲኩን ሳይፈቱ፣ ውጭውን አጥቦ፣ በባልዲው ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሲቀዳም ቧንቧ ያለው ባልዲ ከሁሉ ይበልጣል። ከሌለ አንድ ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ይመደብ፤ የሚቀዳውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን። በበዓል ግርግር መካከል የጠጣበትን ኩባያ ወደ ባልዲው የሚያጠልቅ እንግዳ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜም ልንቆጣው የማንደፍረው ትልቅ ሰው ነው። ባልዲውን ከጠረጴዛ ኋላ ማድረግ ከመቆጣት ያድናል።

የተረፈው መጠጥ ለማግሥቱ አይደር። ብርዝ ሲያድር እንደሚጎሽ ሁሉ ስኳርና ፍሬ ያለበት መጠጥም በቆላ ሙቀት ከአንድ ሌሊት በኋላ መብላላት ይጀምራል፤ ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀውም ሌላ ነገር ሆኖ ያድራል። በዚህ ምክንያት የስኳሩን ውኃና ጭማቂውን ለየብቻ አዘጋጅቶ፣ እንግዳው በመጣ መጠን ሃያ ሃያ ሊትር እየበረዙ ማቅረብ ይመረጣል። ፍሬውን ከሶፊ ወይም ከኤረር ገበሬዎች በቀጥታ ለመግዛት ያሰበ ኮሚቴም ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይነጋገር፤ ማንጎው በበዓሉ ዋዜማ የበሰለ ሆኖ እንዲደርስ ለቃሚው ቀኑን ማወቅ አለበትና። የመጀመሪያውን 20 ሊትር ግን በንግሥ በዓል ቀን አትሞክሩት፤ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ተራ እሑድ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አቅርባችሁ ስኳሩ በዛ ወይስ አነሰ ብላችሁ ልጆቹን ጠይቁ።