ወደ ስሜን ተራራ ስለ መሄድ

ልጆች ሆይ፤ ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ደባርቅ ይደርሳል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያው በዚያ ነው። ፓርክ ማለት አራዊቱ እንዳይታደኑ፥ ዛፉም እንዳይቈረጥ በሕግ የተከለለ ስፍራ ነው፤ ይህም በ1962 ዓ.ም. ተከለለ።

መንገደኛው በደባርቅ ከተመዘገበ በኋላ ጠባቂ ይሰጠዋል፤ ጓዙንም በበቅሎ ጭኖ እርሱ በእግሩ ይሄዳል። መቸኰል ግን አይገባውም። አገሩ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የቸኰለ ሰው ራሱን ያመዋል፥ ትንፋሹም ያጥረዋል። ሌሊቱ እጅግ ይበርዳልና ወፍራም ጋቢ ያልያዘ ሰው እንቅልፍ አያገኝም።

ከገደሉ አፋፍ ሲደርሱ ምድር በድንገት የተቈረጠች ትመስላለች። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ፥ እየተደራረበም ቀዘቀዘ፤ ኋላም ዝናብና ወንዝ ሸርሽረው ይህን ገደል አወጡ። በአፋፉ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጅብራ የሚባል ተክል ይታያል። ጅብራ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይሞታል።

በሜዳው ላይ ጭላዳ በመንጋ ይሰማራል። በደረቱ ጠጕር የሌለበት ቀይ ስፍራ አለው። መልኩ ዝንጀሮ ቢሆንም ኑሮው እንደ በግ ነው፤ ተቀምጦ በሁለት እጁ ሣር እየነጨ ይበላል። ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል፤ ነብርና ጅብ በዚያ አያገኙትምና። እንጀራና ዳቦ አትስጡት፤ የሰው ምግብ የለመደ ጭላዳ ወደ ገበሬው ገብስ ሄዶ በድንጋይ ይወገራል።

ዋልያ ግን ከስሜን በቀር በዓለም ሁሉ የዱር መኖሪያ የለውም። ስሙን ከእግር ኳስ ቡድናችን ሰምታችሁ ይሆናል። ወንዱ ወደ ኋላ የተቈለመመ ትልቅ ቀንድ አለው። አዳኝና ማረሻ ሲያባርሩት ገደሉ ሸሸገው፤ ነገር ግን ከብቱ እየበዛ ሣሩን ስለ ጨረሰው ምግብ ጠበበው። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈው ይህ ፓርክ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካለባቸው ቅርሶች ጋር ተቈጠረ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ስለ ዋልያ ብዙ ሰው ይናገራል፤ ስለ እነዚህ ሰዎች ግን የሚናገር ጥቂት ነው። የተወለዱበትን ቀዬ መተው ቀላል ነገር አይደለም። በግጭ ሣር ላይ የሚሄድ መንገደኛ ቤቶቻቸው በነበሩበት ስፍራ ያልፋል።

ዋልያን ማየት የሚፈልግ ሰው በማለዳ ጨነቅ በሚባለው ስፍራ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ፀሐይ ድንጋዩን ስታሞቅ አስቀድሞ ቀንዱ፥ ቀጥሎም ራሱ ከገደሉ ሥር ብቅ ይላል።